ከነማኅበሩ የተሸጠው ቤት

በሰቆጣ ከተማ የአልጣሽ እጅ ያልዳሰሰው የሴት ራስ ካለ፣ ወይ ቆብ የደፋች የመነኩሲት ራስ ነው፣ ወይ ገና አልተወለደም። ሹሩባ ትሠራለች። እጇ ፈጣን ነው፣ አፏ ደግሞ ከእጇ ይቀድማል። ከጋዝጊብላ የመጣች ሙሽራ እግሯ ሥር ተቀምጣ ስትነሣ፣ ራሷም ወሬዋም አብረው ተጎንጉነው ነው የሚነሡት። ገበያተኛዋ ሁሉ ትወዳታለች፤ ያኮረፈችባት ብትኖር እንኳ በዓል ሲደርስ ትታረቃለች፣ ምን ታድርግ?

ችግሯ አንድ ብቻ ነበር፤ ቤት። ከደሃና ወጥታ ከተማ ከገባች ጀምሮ የኖረችው በኪራይ ነው። አከራይ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ጆሮው ግድግዳ ላይ፣ ዓይኑ የውኃ ቆጣሪው ላይ። አንዷ አከራይ «ከሁለት ሰው በላይ እንዳታስገቢ» ትላታለች። ሌላዋ «ራስ የሚሠራው በረንዳ ላይ ነው» ትላለች። በረንዳ ላይ ስትወጣ ደግሞ «በረንዳዬን ፀጉር በፀጉር አደረግሽው» ይመጣል። ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን የማኅበር ነገር ነበር። የሰፈሩ ሰዎች ማኅበር ግቢ ብለው ሲለምኗት «ተራዬ ሲደርስ የት አባቴ አበላችኋለሁ?» እያለች ትመልሳቸዋለች። ዝም ብላ ሄዳ እንዳትበላ ደግሞ ኩሩ ናት። የማያበላ ሰው የሰው ድግስ ላይ ሲቀመጥ እንጀራው ከጉሮሮው አይወርድም ባይ ናት።

ይቺ ሴት ነች እንግዲህ ቤት የገዛችው። ገንዘቡን ከየት አመጣችው የሚለኝ ካለ፣ ሰቆጣ ውስጥ ስንት ራስ እንዳለ ቆጥሮ ይምጣና እናወራለን። የገዛችው የአባባ ገብረ ኢየሱስንና የባለቤታቸውን የእማማ ወለተ ሰንበትን ቤት ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ሳሎኑ ሰፊ፣ ግቢው ከሳሎኑ የሰፋ። ሽማግሌዎቹ እዚያ ቤት ወልደው ድረዋል፤ አሁን ሁለቱ ብቻቸውን ቀርተዋል። ጋዝጊብላ ያለችው ልጃቸው ታይቱ «መጥታችሁ ከእኔ ጋር ኑሩ» ብላ አስጨንቃ አስጨንቃ ነው ያሸጠቻቸው።

ውሉ ሲጻፍ ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ «ርክክቡ መቼ ይሁን?» አለ። አባባ ገብረ ኢየሱስ ጺማቸውን ዳሰስ አደረጉና «ለጥር መድኃኔ ዓለም» አሉ። የተቀመጠው ሁሉ «መድኃኔ ዓለም በሰላም ያድርሰን» ብሎ ተነሣ። በእኛ አገር ቀን በቁጥር ከተነገረ ይረሳል፤ በታቦት ከተነገረ ግን ማንም አይረሳውም፣ ማንም ደግሞ አይመረምረውም። በዚያ ዕለት ሌላ ምን ጉዳይ ይኖር ይሆን ብሎ የጠየቀ ወንድ አልነበረም። እማማ ወለተ ሰንበት ብቻ ጓዳ ሆነው ጌሾ እየለቀሙ ሰምተው ሣቅ ብለዋል። እሳቸውን ግን ማን ጠየቃቸው?

የጥር መድኃኔ ዓለም ነጋ። አልጣሽ የኪራይ ቤቷን ማለዳ ለቀቀች። አዲሱ ተከራይ ፍራሹን ተሸክሞ በር ላይ ቆሞ ስለነበር፣ እሷ በአንድ እግሯ ስትወጣ እሱ በአንድ እግሩ ገባ። እንግዲህ የምታድረው ወይ በገዛችው ቤት ነው፣ ወይ መንገድ ላይ። መሐላም አለባት፤ ከዛሬ ጀምሮ በሰው ቤት አላድርም ብላ በመድኃኔ ዓለም ስም ምላለች። ዕቃዋ በሙሉ በኪዳኑ የአህያ ጋሪ ላይ ተጫነ። ትልቁን መስተዋት ግን ባልንጀራዋ ዓሚኔ ለጋሪ አላምንም ብላ በእቅፏ ያዘችው። ዓሚኔ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ያን ዕለት ሱቋን ዘግታ የመጣችው «እኔ ከሌለሁ ያታልሉሻል» ብላ ነው።

ወደ ቤቱ ሲጠጉ ግቢው ነጭ በነጭ ሆኗል። ነጠላ የለበሰ ሰው በአጥሩ ዙሪያ፣ ነጠላ የለበሰ ሰው በደጁ።

«አልጣሽ» አለች ዓሚኔ መስተዋቱን አቅፋ ቀጥ ብላ፣ «ሰው ሞቷል።»

አልጣሽ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እጇን ራሷ ላይ ጭና «አባባ ገብረ ኢየሱስ፣ ቤቱን ሳያስረክቡኝ!» እያለች ወደ ግቢው ሮጠች። ለቅሶው ከልቧ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ግማሹ ለአባባ፣ ግማሹ ለርክክቡ ነው። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ሟቹ ራሳቸው ቁራሽ ድፎ ዳቦ ይዘው ብቅ አሉ።

«ማን ሞተ?» አሉ አባባ ገብረ ኢየሱስ ደንግጠው።

ግቢው በሙሉ ዞሮ አያት። ከዚያ አንዱ ፍርስ ብሎ ሣቀ፤ ሁሉም ተከተለ። አልጣሽም እንባዋን እየጠረገች ሣቀች፣ ሌላ ምን ይደረጋል? ዓሚኔ ብቻ አልሣቀችም። ድንኳን የለም፣ ሙሾ የለም፣ ወጥ ይሸታል፤ ነገሩ ገብቷታል።

እማማ ወለተ ሰንበት ከማድ ቤት ወጡ። «እንኳን ደኅና መጣሽ ልጄ። ግቢ፣ ግቢ። ወንበር አምጡላት።»

አልጣሽ በገዛችው ቤት ውስጥ ወንበር ሲሳብላት ሳትቀመጥ ቆመች። «እማማ፣ ዛሬ እኮ መድኃኔ ዓለም ነው» አለች።

«ነው እንጂ። የማኅበሩ ተረኛ እኛ ነን።»

«ርክክቡስ?»

«እሱም ዛሬ ነው» አሉ እማማ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ። «ውሉን ፈርሞ ጓዳ ሲገባ ‹አንተ ሰውዬ፣ ማኅበሩ አለብን እኮ› ብዬዋለሁ። ‹መድኃኔ ዓለም ያውቃል› አለኝ። መድኃኔ ዓለምማ ያውቃል፤ ያላወቅሽው አንቺ ነሽ።»

ዓሚኔ መስተዋቱን ግድግዳ ላይ አስደገፈችና ወደ አባባ ዞረች። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፣ አባባ። የዚች ልጅ ንብረት ጋሪ ላይ ነው፤ አህያውም ቆሞ ቆሞ ሰለቸው።»

«የኔ ልጅ፣ የእኛ ዕቃ ምን አለውና?» አሉ አባባ። «አልጋና ሣጥን ነው፤ አንድ ጊዜ ይወጣል። የያዘን ጋኑ ነው እንጂ።»

ጓዳ አስገብተው ለአልጣሽ አሳዩዋት። ሦስት ጋን ጠላ፣ ሆዱን ገፍቶ፣ አፉን ታሥሮ ግድግዳውን ይዞ ተቀምጧል። ሙሉ ጋን አይጫንም፤ ቢጫን ይሰነጠቃል፣ ባይሰነጠቅ ይናወጣል፣ የተናወጠ ጠላ ደግሞ አይጠጣም። ትታችሁ ሂዱ እንዳይባል ጋኖቹ የእማማ ወለተ ሰንበት የእናታቸው ናቸው፤ እሳቸው ባላቸውን ትተው ይሄዳሉ እንጂ ጋኖቹን ትተው አይሄዱም። እንግዲህ ጋኑ የሚወጣው ሲጎድል ነው፤ የሚጎድለው ሲጠጣ ነው። አልጣሽ ነገሩን በሐሳቧ ጎነጎነችው። ቤቷን የምትረከበው ያ ሁሉ ሰው ጠጥቶ ሲጨርስላት ነው።

«ማንቆርቆሪያው የት ነው?» አለች።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠች፣ ማንቆርቆሪያውን ሞላች፣ ወጣች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰቆጣ እስካሁን ያወራዋል። አንድ ጣሳ ጠጥቶ ሊነሣ የሚል ሽማግሌ ካለ «አንድ ያጣላል» ብላ ትደግመዋለች። ሁለተኛውን ሲጨርስ «በሥላሴ ስም ነው የሚጠጣ» ትላለች። ሦስተኛው ሲያልቅ «አፈር ስሆን» ይመጣል፤ ለልማኔዋ መልስ ያለው ሰው አልተገኘም። ጣሳውን በእጁ የከደነውን እጁን አንሥታ ትቀዳለታለች። የጤና ነገር ነው ያለውን «ጌሾ እኮ መድኃኒት ነው» ትለዋለች። ለቤቷ ስትል ሰውን ከግቢው ልታባርር ነበር የተነሣችው። ሰው ግን ሌላ ነገር ነው ያየው።

«እንዲህ ያለች አሳላፊ በዚህ ማኅበር ታይታ አትታወቅም» አለ አንዱ።

«ማን ናት? የገብረ ኢየሱስ ልጅ ናት?»

«የቤቱ ባለቤት ናት ይላሉ።»

ጥሩ ወሬ ሩቅ ይሄዳል። የወጣው ሰው ጎረቤቱን አስከትሎ ይመለሳል፣ ጎረቤቱ አማቹን ይጠራል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንዲሉ፣ አልጣሽ ስትቀዳ ግቢው እየሞላ ሄደ። ጋሪ ነጂው ኪዳኑም አህያውን አሥሮ ገባ። ጠጣ፣ ደገመ፣ ሠለሰ፤ ከዚያ ወጥቶ ጋሪው ላይ፣ የአልጣሽ ፍራሽ ላይ ተኛ። የታይቱ ባል ሽማግሌዎቹን ሊወስድ አይሱዙውን ይዞ መጣ፤ መንገዱን ጋሪው ዘግቶታል፣ የጋሪው ባለቤት ያንኮራፋል። «እንግዲያው ልጠብቅ» ብሎ እሱም ተቀመጠ፤ እሱ እንኳ ነጂ ነኝና በጥብጣችሁ ብርዝ ስጡኝ አለ። ዓሚኔ ክርስቲያን ያረደውን አትበላምና እማማ ለእሷ ከሱቅ ለስላሳና ብስኩት አስመጥተውላታል። ጥግ ይዛ እያንዳንዱን ጣሳ በዓይኗ ትሸኛለች።

«አንቺ» አለቻት አልጣሽ ስታልፍ ይዛ፣ «እያባረርሽ ነው እየጠራሽ?»

«እኔም አላወቅሁት» አለች አልጣሽ። ፊቷ በላብ ያበራ ነበር። ያን ጊዜ ነው ራሷን ያስተዋለች። ደስ ብሏታል። ሰው እየበላ እየጠጣ፣ እጇ እያለፈ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» እየተባለች፤ ቤት ሳይኖራት ስትቀናበት የኖረችው ይኸው ነበር። ግን ደግሞ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች፣ ጋሪው አልተራገፈም።

የመጀመሪያው ጋን አለቀ። ሁለተኛውም ጎደለ። ሦስተኛው ግን አልጎድል አለ። ስትቀዳ ትውላለች፣ ሞልቶ ይጠብቃታል። ተአምር ነው እንዳትል ጠላው እየቀጠነ፣ መልኩ እየነጣ ሄዷል። ከማኅበርተኞቹ አንዱ ጣሳውን አንሥቶ አየና «ይኼ ቅራሪ ነው?» አለ። አተላ ላይ ውኃ ሲጨመር የሚወጣው ቅራሪ ለልጆች ይሆናል እንጂ ለማኅበር ሰው አይቀርብም። አልጣሽ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ወደ ጓዳ ገሰገሰች።

የጓዳው መጋረጃ ሥር ስትደርስ አባባ ገብረ ኢየሱስ ጀሪካን አቅፈው ጋኑ ውስጥ ውኃ ሲገለብጡ አየቻቸው። ደሟ ፈላ። እሷ እየቀዳች እሳቸው እየሞሉ ነው የዋሉት! አፏን ከፈተች፤ እማማ ወለተ ሰንበት ግን ቀደሟት። ባልና ሚስቱ ሰው እንዳይሰማቸው በዋግ አገውኛ፣ በኽምጣኛ ይጨቃጨቁ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ይች ልጅ ውጭ ልታድር ነው። ለማን ብለህ ነው?» ይላሉ እማማ።

«ጥቂት ነው የጨመርሁ።»

«ጥቂት ትላለህ? ጋኑን ወንዝ አደረግኸው።»

አባባ ጀሪካኑን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። ከዚያ ቀስ ብለው «ወለተ ሰንበት፣ እዚያ ታይቱ ቤት ማን ነው ‹ተራህ ነው› የሚለኝ?» አሉ። «ያበሉኛል፣ እሽ። ይጦሩኛል፣ እሽ። ተራህ ነው ግን የሚለኝ የለም። ይኼ ጠላ ሲያልቅ የእኔ ነገር አለቀ።»

ሽማግሌዎቹ አያውቁም እንጂ ኽምጣኛ የአልጣሽ የእናቷ ቋንቋ ነው፤ ደሃና ላይ አፏን የፈታችው በእሱ ነው። የሰማችው ነገር ልቧ ላይ ወደቀ። ቁጣዋ ወዴት እንደ ሄደ አታውቀውም። እሳቸው ያጡታል ብለው የፈሩት ነገር፣ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያጣችው ነው። መጋረጃውን ገለጠችና በዚያው በኽምጣኛ መለሰችላቸው።

«አባባ፣ እኔም እስከዛሬ ተራሽ ነው ተብዬ አላውቅም።»

ጀሪካኑ ከአባባ እጅ ወደቀ፣ ውኃው መሬቱን ሞላው። እማማ ወለተ ሰንበት ግን ውኃውን አላዩም። አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው አልጣሽን ያዩዋታል።

«ትሰሚያለሽ እንዴ?»

«እሰማለሁ፣ እማማ።»

«ያ ሁሉ ዓመት ራሴን ስትሠሪኝ፣ ከልጄ ከታይቱ ጋር ያወራሁትን?»

«ሁሉንም።»

«ስለ ቄሱ ሚስትም?»

«እሱንማ ሁለት ጊዜ ነው የሰማሁት።»

እማማ ሣቃቸው መጣ። ጋኑን ተደግፈው እስኪያነቡ ሣቁ፣ አልጣሽም ሣቀች፤ አባባ በእርጥብ እግራቸው ቆመው አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን እያዩ እሳቸውም ጀመሩ። ዓሚኔ ምን መጣ ብላ ሮጣ ስትገባ ሦስቱ ተያይዘው አገኘቻቸው። «እኔ ውጭ ለቤትሽ ስቀመጥልሽ አንቺ ትሰክሪያለሽ?» አለች።

አልጣሽ እጇን አድርቃ ወደ ሳሎን ወጣች። የማኅበሩ ሙሴ የሚባሉት፣ ማለትም መሪው፣ ቄስ ትንሣኤ ጽዋውን ይዘው ለሚቀጥለው ተረኛ ሊያስረክቡ ተነሥተዋል። ፊታቸው ሄዳ ቆመች።

«አባታችን፣ የአባባ ገብረ ኢየሱስ ቦታ ለማን ሊሰጥ ነው?»

ቄስ ትንሣኤ ጽዋውን እንደ ያዙ ዞሩ። «እሳቸው ወደ ልጃቸው መሄዳቸው ነው። ቦታው ክፍት ይሆናል።»

«እኔ ልግባበት። ግን እሳቸው እንዳይወጡበት።»

ማጉረምረም ተነሣ። አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው ይቀመጣል ወይ አለ አንዱ። ሥርዓት የለውም አለ ሌላው። ሦስተኛው ደግሞ ይች ልጅ ያስተናገደችንን እያየህ ሥርዓት ትላለህ ብሎ ቆጣ አለ። ቄስ ትንሣኤ ጢማቸውን ያዙ። ነገር አዋቂ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸውም እንዲሁ።

«የቤቱ ውል ምን ይላል?» አሉ።

«ከነበሩ፣ ከነመስኮቱ፣ ከነአጥሩ ይላል» አለ በውሉ ላይ የነበረ አንድ ሽማግሌ።

«እንግዲያው ከነማኅበሩ ነው የተሸጠው። ቦታው የቤቱ ነው። ለከርሞ ጥር መድኃኔ ዓለም አልጣሽ ትጠምቃለች፣ ገብረ ኢየሱስ ከጋዝጊብላ ይመጣል፤ ተራው የሁለታቸው ነው። ለከርሞ ያድርሰን።»

«አሜን» አለ ቤቱ ሁሉ። አልጣሽ ሣቅና ልቅሶ ተቀላቅሎባት የማንን እጅ እንደምትስም ጠፋት፤ የቄሱን ሳመች፣ የእማማን ሳመች፣ ሳታስበው የታይቱን ባልም ሳመች። አባባ ገብረ ኢየሱስ አንገታቸውን ደፍተው ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ቀና ሲሉ ሌላ ሰው ሆኑ።

«እንግዲህ ምን ተጎልታችኋል?» አሉ። «ዕቃዬን አውጡ እንጂ። የሰው ቤት እኮ ነው!»

ያን ጊዜ ነው ትርምሱ የተነሣው። ጠላ የጠገበ ማኅበርተኛ ዕቃ ሲያወጣ አይተው ለማያውቁ ማስረዳት ይቸግራል። አልጋውን አራት ሆነው አወጡት፤ የአልጣሽን ዕቃ የሚያስገቡት ደግሞ ደጁ ላይ አግኝተው መልሰው አስገቡት። የአልጣሽ ፍራሽ ከነኪዳኑ ገባ፤ እሱ መኝታ ቤት ሲደርስ ነቅቶ «አህያዬስ?» አለ። ትልቁ መስተዋት አይሱዙ ላይ ተጭኖ ተገኘ። ዓሚኔ በር ላይ ቆማ ሥርዓት ልታስይዝ ሞከረች። «ይኼ የማን ነው?» ስትል ተሸካሚው «እኔ እንጃ» ይላታል። «እንግዲያው አውጣው።» አባባ የራሳቸውን ሣጥን አይተው የኔ አይደለም ብለው ተከራከሩ፤ እማማ ነጥቀው አስጫኑት። ሦስቱ ጋኖች ብቻ በሥርዓት ወጡ። የሦስተኛው ቅራሪ ተደፍቶ፣ ታጥበው፣ ጭድ ተነጥፎላቸው፣ እማማ ወለተ ሰንበት መኪናው ላይ መሐላቸው ተቀምጠው አንዱን በቀኝ ሌላውን በግራ አቅፈው።

ቁልፉ ከአባባ እጅ ወደ አልጣሽ እጅ ሲያልፍ ማንም ንግግር አላደረገም። አባባ «በደስታ ኑሪበት» ብቻ አሉ። ሰዉ ተበተነ። ኪዳኑ አህያውን ፈትቶ ሄደ። ዓሚኔ የመግሪብ ሶላት ደረሰብኝ ብላ፣ ከመውጣቷ በፊት አልጣሽን ሁለት ጊዜ ስማ፣ «ነገ መጥቼ ዕቃሽን እንለያለን» አለቻት።

አልጣሽ ብቻዋን ቀረች። ሳሎኑ መሐል፣ በጀሪካንና በጥቅልል ልብስ መካከል መሬት ላይ ተቀመጠች። የሚጠጣ ውኃ፣ የምትተኛበት ፍራሽ አላት፤ ሌላው የት እንዳለ አታውቅም። ብቻዋን ትሥቃለች። ነገ እዚህ ጋ መስተዋቱን፣ እዚያ ጋ በርጩማውን፣ ስንት ሴት እንደሚመጣ፣ ማንም እንደማይቆጣ እያሰበች ነበር።

ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ መጣ።

አልጣሽ እንደ ልማዷ ዝም አለች። ተከራይ ለዚህ ጥሪ አይመልስም፤ የሚመልስ ባለቤቱ ነው። የቤቱ ሰዎች እስኪመልሱ ጠበቀች። ማንም አልመለሰም።

«ቤቶች!»

ያኔ ገባትና ብድግ አለች። በሩ ክፍት ነው፤ አባባ ገብረ ኢየሱስ ግን ከደፉ ውጭ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከመንገዱ ጫፍ አይሱዙው ጥሩንባውን ይነፋል። ያን ደፍ ወጣት ሆነው ከመሠረቱት ቀን ጀምሮ ሲረግጡት ኖረዋል፤ ፈቃድ ጠይቀው አያውቁም።

«መንገደኛ ነኝ» አሉ። «ውኃ ጠምቶኝ ነው።»

አልጣሽ ከተደበላለቀው ዕቃ መሐል ጣሳ ፈለገች፣ ከጀሪካኗ ቀዳች። ሰው ሲለው ስትሰማ እንጂ ራሷ ብላው የማታውቀውን ቃል አፏ ያለ ችግር አወጣው።

«ደጆች። ይግቡ አባባ፣ ቤት ለእንግዳ።»

አባባ ገብረ ኢየሱስ ጫማቸውን ደፉ ላይ አራገፉና ገቡ።